በእጅ ላይ የሚወጣ እብጠት፦ የሚታገሡትና ቀን የማይሰጠው

በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ሰው እጁን በደንብ ያውቀዋል። ጣቶቹን እየፈለቀቀ፣ አንጓውን እያሸ፣ ቀለበቱን እያንቀሳቀሰ ስለሚታጠብ ትናንት ያልነበረች ጉብታ ዛሬ ብቅ ስትል ቶሎ ይደርስባታል። ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ «ካንሰር ይሆን?» ብሎ እንቅልፍ ያጣል። ሌላው «ብርድ ነው» ብሎ ቅቤ ይቀባና ይተወዋል። ሦስተኛው ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ያሳሻል። አራተኛው ደግሞ ጣቱ በመግል ተወጥሮ ሌሊቱን ሲያቃስት ያድርና ጠዋት «ያልፍልኛል» ብሎ ሥራ ይገባል። ከአራቱ ይልቅ የሚያሳስበን ይህ የመጨረሻው ነው። በእጅ ላይ ከሚወጡት እብጠቶች አብዛኞቹ ክፉ አይደሉም። ክፉ የሆኑት ግን ብዙውን ጊዜ ካንሰር ሳይሆኑ፣ በአጭር ጊዜ ጣትን ብሎም እጅን የሚያሳጡ ኢንፌክሽኖች ናቸው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከአስቸኳዩ እንጀምርና ወደሚታገሡት እንሄዳለን።

ሰዓት የማይሰጠው እብጠት

አንድ እጅ 27 አጥንቶች አሉት። በእነዚህ ላይ ጣቶችን የሚያጥፉና የሚዘረጉ ጅማቶች ይሄዳሉ። ጣት የሚያጥፉት ጅማቶች በጣቱ ውስጥ የሚንሸራተቱት እንደ ሰይፍ ሰገባ ባለ ጠባብ ሽፋን ውስጥ ነው። በመዳፍ በኩል ያለው ቆዳ ወፍራምና ከሥሩ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ መግል ሲቋጠር ወደ ውጭ የሚወጣበት መንገድ የለውም። በውስጡ ይወጠራል፤ የደም ሥሮችን ይጫናል፤ በሰገባው ውስጥ እየተንሸራተተ ወደ መዳፍና ወደ አንጓ ይሄዳል። ደም ያልደረሰው ጅማት ደግሞ ይሞታል። የሞተ ጅማት ተመልሶ አይተካም፤ ጣቱ ቢተርፍም ታጥፎ ወይም ደርቆ ይቀራል።

በሰገባው ውስጥ መግል መኖሩን የሚጠቁሙ አራት ምልክቶች አሉ። አለን ካናቬል የተባለ የአሜሪካ ቀዶ ሐኪም ከመቶ ዓመት በፊት አስተውሎ የጻፋቸው ሲሆኑ፣ ዛሬም ሐኪሞች በስሙ ይጠሯቸዋል። ጣቱ በከፊል ታጥፎ ይቀመጣል። እብጠቱ በአንድ ቦታ ሳይሆን በጠቅላላው የጣቱ ርዝመት ላይ ይሆናል። በመዳፍ በኩል ጅማቱ በሚሄድበት መስመር ሲነካ ያማል። ጣቱን ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ሊዘረጋው ሲሞክር ደግሞ ሕመሙ የሚያስጮህ ነው። እነዚህን ያየ ሰው እስከ ነገ መጠበቅ የለበትም። በዚያው ዕለት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል መሄድ ነው። በክኒን ብቻ ለማሳለፍ መሞከር፣ በተለይም ከመድኃኒት ቤት ያለ ምርመራ አንቲባዮቲክ ገዝቶ ሦስት ቀን መጠበቅ፣ ጣቱን ሊያሳጣ ይችላል።

ከዚህ ቀለል ያለው በጥፍር ዙሪያ የሚቋጥረው መግል ነው። ጥፍር መንከስ፣ የጥፍሩን ጠርዝ ቆዳ መላጥ፣ እጅን ቀኑን ሙሉ ውኃና ሳሙና ውስጥ ማድረግ ያመጡታል። በዚህ ምክንያት ልብስ የሚያጥቡና ምግብ ቤት የሚሠሩ እህቶች ላይ ይበዛል። ገና መቅላት ሲጀምር ለብ ባለ ውኃ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መዘፍዘፍ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። መግል ከቋጠረ ግን በንጹሕ መሣሪያ መከፈት አለበት። በቤት ውስጥ በመርፌ ወይም በምላጭ መብጣት ኢንፌክሽኑን ወደ ውስጥ ይነዳዋል። የጣት ጫፍ፣ ማለትም የጣቱ ሥጋማ ክፍል፣ ተወጥሮ እንደ ልብ ምት የሚመታ ከሆነም ወደ አጥንት ከመድረሱ በፊት በሐኪም ይከፈት። አንድ ጥንቃቄ እንጨምር፦ በጣት ጫፍ ላይ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ፊኛዎች ተሰብስበው ከወጡና የሚያቃጥል ሕመም ካላቸው ቫይረስ ያመጣው ሊሆን ይችላል። እሱን መብጣት ጉዳቱን ያብሳል።

በጠብ መሐል የሌላ ሰው ጥርስ የጨበጠውን እጅ አንጓ ሲቆርጠው ቁስሉ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የሰው አፍ ብዙ ባክቴሪያ አለው፤ ጥርሱም መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ሐፍረት አንዳንዱን ሰው እውነቱን እንዳይናገር ያደርገዋል። ለሐኪሙ «በር መታኝ» ማለት ግን የሚጎዳው ራስን ነው። የውሻና የድመት ንክሻም ሲሆን ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው። በሀገራችን የእብድ ውሻ በሽታ አለና።

የስኳር ሕመም ላለባችሁ

ይህን ክፍል ለብቻው የጻፍነው በምክንያት ነው። የስኳር ሕመምተኛ እግሩን እንዲጠብቅ ሲነገረው ይኖራል፤ ስለ እጁ የሚነግረው ግን ጥቂት ነው። በአፍሪካ፣ በተለይ በናይጄሪያና በታንዛኒያ፣ ሐኪሞች ደጋግመው የመዘገቡት አንድ ችግር አለ። በነፍሳት ንክሻ፣ በመርፌ ውጊት፣ በምድጃ እሳት ወይም በቢላ ጫፍ የጀመረ ትንሽ ቁስል፣ ስኳሩ ከፍ ባለበት ሰው ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠቅላላውን እጅ ያሳብጣል። ከዚያም መግል፣ ጥቁረትና መቆረጥ ይከተላል፤ ሕይወት ያለፈበትም ብዙ ነው። ብዙዎቹ ሕመምተኞች ዘግይተው መምጣታቸው ነው ነገሩን ያከፋው። ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰው እጁ ላይ ቁስል ኖሮት ማበጥ ከጀመረ ሕመሙ ትንሽ ቢሆንም እንኳ በዕለቱ ይታይ። ስኳር ነርቭን ስለሚያደነዝዝ የሕመም ማነስ ጥሩ ምልክት አይደለም። እጅን በፈላ ውኃ ወይም በጋለ ጨርቅ መተኮስም በዚሁ ምክንያት ቃጠሎ ያስከትላል።

ቀለበት

ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ እጅ ማበጥ ሲጀምር መጀመሪያ የሚደረገው ቀለበትን ማውለቅ ነው። የወንዶች የብር ቀለበትም ሆነ የእህቶች ወርቅ፣ ጣቱ ሲያብጥ እንደ ማነቂያ ይሆናል። እምቢ ካለ እጅን ከልብ በላይ ከፍ አድርጎ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከር፣ ከዚያ ሳሙና ወይም ዘይት ቀብቶ እያሽከረከሩ ማውጣት። ይህም ካልሆነ የክሩን አንድ ጫፍ በቀለበቱ ሥር አሳልፎ፣ የቀረውን ከቀለበቱ ጀምሮ ወደ ጥፍሩ አቅጣጫ ጥብቅ አድርጎ መጠምጠምና ያሳለፉትን ጫፍ ወደ ጥፍር እየሳቡ ክሩን መፍታት ቀለበቱን ያስወጣዋል። ጣቱ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ግን ጊዜ አታጥፉ፤ ይቆረጥ። ወርቅ ተመልሶ ይበየዳል።

ከሁሉ የሚበዛው እብጠት፦ ጋንግሊዮን

አሁን ወደሚታገሡት እንምጣ። በእጅና በአንጓ ላይ ከሚወጡት ጉብታዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሐኪሞች ጋንግሊዮን የሚሏቸው ናቸው። ዕጢ አይደለም፤ ካንሰርም አይሆንም። ከመገጣጠሚያ ወይም ከጅማት ሽፋን ላይ እንደ ትንሽ ከረጢት ተገፍቶ የሚወጣ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ያደረ የተልባ ልቃቂ የመሰለ፣ ጠርቶ የሚዝለገለግ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የሚወጣው በአይበሉባ በኩል በአንጓው መሐል ላይ ነው። እጅን ወደ ታች ሲያጥፉት ጎልቶ ይታያል፤ ሲዘረጉት ይደበቃል። ከ20 እስከ 40 ዓመት ባሉ ሰዎች፣ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። አንድ ወር አድጎ በሚቀጥለው ወር ማነሱ የተለመደ ነው። ይህ ከፍ ዝቅ ማለቱ ራሱ የሚያረጋጋ ምልክት ነው፤ ክፉ ዕጢ እንዲህ አይመላለስምና።

በቤት ውስጥ የምትሞክሩት ቀላል ነገር አለ። ክፍሉን አጨልሙና የስልካችሁን መብራት ከጉብታው ጎን አስጠግታችሁ አብሩበት። በፈሳሽ የተሞላ ከሆነ ብርሃኑ ዘልቆ ጉብታው እንደ ፋኖስ ይቀላል። ብርሃን የማያሳልፍ ጠጣር ጉብታ ከሆነ ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል ይመርመር። ይህ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ የሐኪም ምርመራን አይተካም።

ሕክምናውስ? ካላመመና ሥራ ካልከለከለ መተው ራሱ ሕክምና ነው። ግማሽ ያህሉ ያለ ምንም ነገር፣ አንዳንዴ ከወራት አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ፣ በራሱ ይጠፋል። ሱጁድ ሲወርዱ አንጓው ስለሚታጠፍና የሰውነት ክብደት ስለሚያርፍበት ሕመሙ የሚሰማቸው በሶላት ላይ ብቻ የሆኑ ሰዎች አሉ። ለእነዚህ ለጥቂት ሳምንታት በሥራ ሰዓት አንጓን በድጋፍ ማሰር ይረዳል። በሶላት ውስጥ እንዴት እንደሚያቀሉት ደግሞ የመስጊዳቸውን ኢማም ይጠይቁ። በመርፌ ፈሳሹን መምጠጥ ፈጣን ነው፤ ሆኖም ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ ተመልሶ ይሞላል። በቀዶ ሕክምና ሲወጣ የመመለሱ ዕድል በጣም ያንሳል፤ ጠባሳ፣ የአንጓ መድረቅና የጥቂት ሳምንት ዕረፍት ግን አብረውት ይመጣሉ። ለመልክ ብቻ ሲባል ቀዶ ሕክምና ውስጥ መግባት በእኛ አስተያየት ብዙም አያዋጣም፤ ለሚያም ጉብታ ግን ያዋጣል።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ይህን ጉብታ ቤት ውስጥ ባለው ትልቅ መጽሐፍ መትቶ ማፍረጥ የቆየ ልማድ ነበር። በብዙ ቤት ትልቁ መጽሐፍ መጽሐፍ ቅዱስ ስለነበረ ጉብታው በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ጉብታው በምት ይፈርጥና ተመልሶ ይሞላል፤ ከዚያ መሐል አጥንቱ የተሰበረበትም አለ። እኛም ዘንድ በኃይል ማሸት፣ በአውራ ጣት ተጭኖ ማፍረጥ፣ በጋለ ብረት መተኮስ አለ። ውጤቱ ከምቱ አይሻልም።

በተለይ አንድ ቦታን አደራ እንላለን። ጋንግሊዮን በአንጓው ውስጠኛ በኩል፣ ከአውራ ጣት ሥር፣ የልብ ምት በሚለካበት ቦታም ይወጣል። እዚያ ላይ ጉብታው ወደ እጅ ደም ከሚወስደው ትልቅ የደም ሥር ጋር ተጣብቆ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ቦታ መብጣት፣ ዋግምት ማድረግ ወይም ልምድ የሌለው ሰው መርፌ እንዲያስገባ መፍቀድ አደጋ ነው። ጉብታው ራሱ እንደ ልብ የሚመታ ከሆነ ደግሞ የደም ሥር እብጠት ሊሆን ስለሚችል ማንም እንዳይነካው።

በጣት ሥር፣ ከመዳፉ ጋር በሚገናኝበት መሥመር ላይ፣ እንደ ሽምብራ ፍሬ ጠንክሮ ዕቃ ሲጨብጡ የሚያም ትንሽ ጉብታም የዚሁ ዘር ነው። በጥፍር አጠገብ በመጨረሻው መገጣጠሚያ ላይ የሚወጣው ደግሞ በዕድሜ ከገፉ ሰዎች መገጣጠሚያ መበላት ጋር ይያያዛል። ጥፍሩ ላይ የቦይ መሥመር ያወጣል። እሱን መብጣት መገጣጠሚያውን ለኢንፌክሽን መክፈት ነው።

ሌሎቹ በአጭሩ

ከጋንግሊዮን ቀጥሎ የሚበዛው ከጅማት ሽፋን ላይ የሚያድግ ጠጣር ዕጢ ነው። በጣት ላይ ቀስ ብሎ በዓመታት ያድጋል፤ ብርሃን አያሳልፍም፤ ብዙም አያምም። ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን በራሱ አይጠፋም፤ ከወጣም በኋላ የመመለስ ጠባይ አለው።

መርፌ፣ እሾህ ወይም ሚስማር ከወጋው ከወራት በኋላ በዚያው ቦታ ክብ ጠንካራ ጉብታ የሚያወጣ አለ። የላይኛው ቆዳ ቁራጭ ወደ ውስጥ ተገፍቶ እዚያው ማደግ ስለሚቀጥል የሚሆን ነው። ልብስ ሰፊዎች፣ ገበሬዎችና እንጨት ሠራተኞች ይህን ያውቁታል። የግራር እሾህ ስብርባሪ መገጣጠሚያ ውስጥ ቀርቶ ለወራት የሚያሳብጥበት ጊዜም አለ። እንጨትና እሾህ በራጅ ስለማይታይ «ራጁ ንጹሕ ነው» መባል ብቻውን አያሳምንም፤ አልትራሳውንድ ይሻላል። የወጋችሁን ነገር ለሐኪሙ ንገሩት፤ የዛሬ ዓመት ቢሆንም።

ኪንታሮት (ያው ቃሉን ለሁለት በሽታ እንጠቀምበታለን፤ እዚህ ላይ የቆዳውን ማለታችን ነው) በቫይረስ የሚመጣ ሻካራ ጉብታ ነው። በልጆች ላይ አብዛኛው በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ በራሱ ይጠፋል። በባትሪ አሲድና በቁልቋል ወተት ማቃጠል ኪንታሮቱን ትቶ ጠባሳ ያስቀራል።

ጣት ታጥፎ ሲዘረጋ «ቀጭ» ብሎ የሚያዝ ከሆነ፣ በመዳፉ ላይ በጣቱ ሥር ትንሽ ጉብታ ይዳሰሳል። ጅማቱ በሰገባው መግቢያ ላይ ወፍሮ ነው። ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። ዕረፍትና ድጋፍ ካልረዳው አንድ የስቴሮይድ መርፌ ብዙዎችን ያሽላል። መርፌው የደም ስኳርን ለቀናት ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ስኳራችሁን እየለካችሁ ይሁን። ይኸው ነገር በሕፃናት ላይም አለ። የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ልጅ አውራ ጣቱን መዘርጋት ሲያቅተው ወላጆች «ወድቆ ተሰብሯል» ብለው ወጌሻ ዘንድ ይሮጣሉ። ስብራት አይደለምና መታሸትም መጎተትም የለበትም። ብዙ ሕፃናት ላይ በጊዜ ብዛት ይፈታል፤ ያልተፈታው በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይስተካከላል።

በዕድሜ የገፉ እናቶች የጣታቸው መጨረሻ መገጣጠሚያ ላይ ግራና ቀኝ አጥንት የመሰለ ጉብታ ያወጣሉ። የመገጣጠሚያ ልባስ ማለቅ ነው። ጉብታውን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ ሕመሙ ግን ሲቆይ ይበርዳል። ለብ ባለ ውኃ እጅን ማፍታታትና ጣትን ማንቀሳቀስ ይጠቅማል። ከዚህ መለየት ያለበት የሁለቱም እጆች ጣቶች ሥርና መሐል ሲያብጡ፣ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ለሚበልጥ ጊዜ እጅ ሲገታተር ነው። ይህ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት የቁርጥማት በሽታ ሊሆን ስለሚችል ጣቶቹ ከመጣመማቸው በፊት፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ውስጥ፣ ሕክምና መጀመር አለበት።

ሪህና ማዕዳችን

በሀገራችን መገጣጠሚያ ያመመው ሁሉ «ሪህ ነው» ይባላል። ትክክለኛው ሪህ ግን በደም ውስጥ የዩሪክ አሲድ መጠን ሲበዛና እንደ መርፌ የሾለ ብናኝ ሆኖ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲከማች የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ በእግር አውራ ጣት ይጀምራል። ለዓመታት ሳይታከም ሲቀር በጣቶች አንጓ ላይና በክርን ላይ ጠንካራ ጉብታ ያወጣል፤ ቆዳው ሲሳሳም ከሥሩ እንደ ጠመኔ ያለ ነጭ ነገር ይታያል፤ ሊፈነዳም ይችላል። ወንዶች ላይ ይበዛል፤ ሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ይጨምራል።

ምግቡ ላይ ብዙ የተሳሳተ ወሬ አለ። ሪህ ያለበት ሰው ሽሮና ምስር እንዲተው ይመከራል። ነገር ግን በብዙ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ባቄላ፣ ምስርና አተር የሪህን አደጋ ከፍ እንደማያደርጉ አሳይተዋል። ከፍ የሚያደርጉት ቀይ ሥጋ፣ ከሁሉም በላይ ጉበትና ኩላሊት፣ ሰርዲን፣ አልኮልና በስኳር የጣፈጡ መጠጦች ናቸው። እንግዲህ ለእኛ ቤት የሚቀረው ጥያቄ ዱለቱና ለስላሳው ነው። በዒድ አል-አድሓ ሰሞን ሦስት ቀን ሙሉ ጉበትና ሥጋ በልቶ፣ በላዩ ለስላሳ ጠጥቶ፣ በአራተኛው ቀን ጣቱ ያበጠ ሰው ምክንያቱን ሩቅ መፈለግ የለበትም። ጾም የሚያዝ ሪህ ያለበት ሰው በኢፍጣርና በሱሑር መካከል ውኃ አብዝቶ ይጠጣ፤ ኢፍጣሩንም በጣፋጭ ጭማቂ አይሙላው። ቅባቱ የወጣ ወተትና እርጎ ይረዳሉ፤ ቡናም አይጎዳም።

ሆኖም ግን ምግብ ብቻውን ጉብታ ያወጣውን ሪህ አያድንም። የዩሪክ አሲድን የሚቀንሱ እንደ አሎፑሪኖል ያሉ መድኃኒቶች በሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጉብታው ራሱ በወራትና በዓመታት ውስጥ እየሟሟ ያንሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመሙ ሊነሣ ስለሚችል ብዙዎች እዚያ ላይ ያቋርጡታል፤ ሐኪሙ ለዚህ የሚሆን ተጨማሪ መድኃኒት አለው። በሰውነት ላይ ሽፍታ ከወጣ ግን መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያውኑ መታየት ያስፈልጋል። ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋል። በራሳችሁ አታቁሙት፤ ለሐኪሙ ንገሩትና ሌላ መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

የሳንባ ነቀርሳ በእጅ ላይ

ስሙ የሳንባ ይሁን እንጂ ቲቢ አጥንትና ጅማትም ይይዛል። ሀገራችን ደግሞ ቲቢ ከሚበዛባቸው የዓለም ሀገሮች አንዷ ናት። በእጅ ላይ ሲመጣ እንደ ሌላው ኢንፌክሽን አይቀላም፤ አይጋልም፤ በወራት ውስጥ ቀስ ብሎ ያብጣል። በአዋቂ ላይ እብጠቱ ከአንጓው በላይና በታች ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱን ሲጫኑት ፈሳሹ ወደ ሌላው ሲያልፍ ይዳሰሳል። በቀዶ ሕክምና ሲከፈት ሩዝ የመሳሰሉ ነጫጭ ፍሬዎች ይወጡበታል። በሕፃናት ላይ አንዲት ጣት መሐሏ ላይ ወፍራ እንደ ጠርሙስ ታብጣለች። ሳል የግድ አይኖርም። ለወራት የቆየ፣ ያልዳነ፣ ቀዳዳ አውጥቶ የሚያዥ እብጠት ያለበት ሰው «የቲቢ ምርመራ ይደረግልኝ» ብሎ ይጠይቅ። ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ካልተላከ አይታወቅም። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ ወራት ይወስዳል፤ እስከ መጨረሻው ከተወሰደም ያድናል።

ከዚህ ጋር ቁንጭርን እናንሣ። እንደ አንኮበርና ስልጢ ባሉ ደጋማ ቦታዎች የምትገኝ ትንሽ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ሲሆን፣ በአብዛኛው ፊት ላይ፣ አንዳንዴም እጅ ላይ፣ የማያም ጉብታ ሆኖ ይጀምርና ይቆስላል። ከእነዚህ አካባቢዎች የመጣ ሰው የመጣበትን ቦታ ለሐኪሙ ይንገር።

እርጉዝ እህቶች

በእርግዝና መጨረሻ እጅ ትንሽ ማበጡ የተለመደ ነው። ነገር ግን ከ20ኛው ሳምንት በኋላ እጅና ፊት በድንገት ሲያብጡ፣ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የላይኛው ሆድ ሕመም ሲጨመርበት የእርግዝና ደም ግፊት ሊሆን ይችላል። ይህ እናትንም ልጅንም ይገድላል። ሕክምናው የሚጀምረው ደም ግፊትን በመለካት ስለሆነ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ትድረስ። ባል ይህን ክፍል ደጋግሞ ቢያነበው ደስ ይለናል።

ካንሰርን የሚያስጠረጥር

በእጅ ላይ ካንሰር ብዙ አይታይም፤ አለ ግን። ጉብታው በሳምንታት ውስጥ እያደገ ከሄደ፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ፣ ጠልቆ ከሥሩ ጋር ከተጣበቀ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሣ ሕመም ካለው፣ ወይም ቁስል ሆኖ በወር ውስጥ አልድን ካለ ይመርመር። በጠቆረ ቆዳ ላይ ክፉው የቆዳ ካንሰር የሚወጣው ብዙውን ጊዜ መዳፍ፣ የእግር መርገጫና ጥፍር ሥር ነው። በብዙ ጣቶች ላይ ያለ ቀጭን ጥቁር መሥመር በእኛ ቆዳ ላይ የተለመደ ነው። በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ፣ ወደ ጥፍሩ ዙሪያ ቆዳ የተሻገረ ጥቁረት ግን «ሂና ነው» ተብሎ አይታለፍ። ሂና ከጥፍሩ ጋር እያደገ ይወጣል፤ ይህ አይወጣም።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ

እብጠቱ መቼ እንደጀመረ፣ ከፍ ዝቅ ይል እንደሆነ፣ ምን እንደወጋችሁ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት፣ ስኳር ወይም ቲቢ በቤተሰብ ይኑር አይኑር ይዛችሁ ሂዱ። እብጠቱ በመጠኑ የሚቀያየር ከሆነ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ ሐኪም ፊት በቀረባችሁ ቀን ሊጠፋ ይችላልና። ዱቄት፣ ቅጠል ወይም ቅባት አትቀቡበት፤ ቀለሙን ይሸፍናል። ሂናም ቢሆን ለዚያ ሳምንት ይቆይ። ብዙ ጊዜ የእጅ ምርመራና አንድ ራጅ ይበቃል። ራጁ አንዳንዴ ያልታሰበ ነገር ያሳያል፦ በጣት አጥንት ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ የኖረ፣ ክፉ ያልሆነ የልምጭምጭ አጥንት ዕጢ፣ በትንሽ ምት ጣቱ ሲሰበር ነው የሚታወቀው። ጠጣር ጉብታ ከሆነ በቀጭን መርፌ ናሙና ሊወሰድ ይችላል። «መርፌ ከነካው ይሰራጫል» የሚባለው ወሬ ሰዎችን ከምርመራ እያስቀረ ነው፤ በሐኪም ዕቅድ የሚወሰድ ናሙና ሕክምናውን የሚመራ እንጂ በሽታውን የሚያባብስ አይደለም። በቀዶ ሕክምና የወጣ ማንኛውም ጉብታም ወደ ላቦራቶሪ መላኩን ጠይቁ፤ ውጤቱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ እጁን ለጥቂት ቀናት ከልብ በላይ ከፍ አድርጎ ማቆየት፣ ያልታሰሩትን ጣቶች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ፋሻው እስኪፈታ ድረስ ውኃ አይንካው። ውዱእን በተመለከተ በፋሻ ላይ ስለሚደረገው መስሕ ቀዶ ሕክምናው ከመደረጉ በፊት ዓሊም ጠይቃችሁ ተዘጋጁ። ጣቶቹ ከፋሻው ውጭ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ፋሻው ጠብቋልና ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታሉ ተመለሱ።